እርቦ፣ እኩል እና 19 ዶላር

በመጋቢት 2006 ዓ.ም. ከእኛ መካከል ሁለታችን አንድ የባንክ መስኮት ፊት ቆመን ነበር። ጥያቄያችን ቀላል ነው፤ በየወሩ 19 ዶላር ወደ አሜሪካ መላክ እንፈልጋለን። መስኮቱ ውስጥ ያለችው ልጅ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ጠየቀችን። «ለጌም ኢንጂን» አልናት። አሰብ አደረገችና «ሞተሩ ለምን ዓይነት መኪና ነው?» አለችን። ሳቅን፤ እሷም ሳቀች። ከዚያ «የአስመጪነት ፈቃድ አላችሁ?» የሚለው ጥያቄ መጣ፤ ሳቁም እዚያው ላይ አለቀ። የዚያን ሰሞን አንድ ዶላር ከ19 ብር ትንሽ አለፍ ይል ስለነበር የለመንነው ገንዘብ 370 ብር እንኳ አይሞላም። ብሩ ኪሳችን ውስጥ ነበር። ያጣነው ዶላሩን ነው።

ያን ቀን ወደ ቤታችን ስንመለስ የተናደድነው በባንኩ ነበር። አሁን ዓመታት አልፈው ስናስበው ግን ሌላ ጥያቄ ይመጣብናል። ለመሆኑ ያ 19 ዶላር ከየት መጣ? ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ ለዚያው ዕቃ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ዶላር ይጠየቅ ነበር። ማን አወረደው? ለምን? ካወረደውስ በኋላ ማን መልሶ ሊሰቅለው ሞከረ? ነገሩ የጌም ጉዳይ ብቻ አይመስለንም። ቤት ተከራይቶ የሚያውቅ ሁሉ ይገባዋል። (ከዚህ በኋላ የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። ሁለት ካላንደር ይዞ መጻፍ አድካሚ ነው።)

መጀመሪያ ስለ ዕቃው እንነጋገር። ልጅ ሆነን ፕሌይስቴሽን ቤት ተሰልፈን በደቂቃ ሒሳብ ስንጫወት፣ ኳሷ መሬት ነክታ ስትነጥር፣ የተጫዋቹ ጥላ ሣሩ ላይ ሲያርፍ፣ ሁለት ሰው ሲጋጭ አንዱ በሌላው ውስጥ እንደ መንፈስ ሳያልፍ ሲቀር፣ ያን ሁሉ የሚሠራው ከጨዋታው ሥር ያለ ሌላ ፕሮግራም ነው። ኢንጂን የሚባለው እሱ ነው። ኢንጂኑ ኳስ ይሁን ጥይት ደንታ የለውም። ብርሃን ያበራል፣ ክብደት ይሰጣል፣ ድምፅ ያሰማል፣ የጣትህን ትእዛዝ ይቀበላል። አንድ ጊዜ በደንብ ከተሠራ ብዙ ጨዋታ ይሸከማል። ችግሩ አንድ ጊዜ በደንብ መሥራቱ ላይ ነው፤ ዓመታትን ይበላል፣ ብርቱ ሒሳብ የሚያውቁ ሰዎችን ይጠይቃል።

ኢንጂንን ከጨዋታው ለይቶ መሸጥ እንደሚቻል ለዓለም ያሳዩት የቴክሳሶቹ የኢድ ሶፍትዌር ልጆች ናቸው ቢባል ብዙም ስሕተት አይሆንም። በ1993 ታኅሣሥ ወር ዱም የተባለውን ጨዋታ ሲለቁ ካርታውን፣ ሥዕሉንና ድምፁን በአንድ ፋይል፣ የሚያንቀሳቅሰውን ፕሮግራም በሌላ አድርገው ነበር። ጆን ካርማክ የጻፈውን ኢንጂን ሬቨን ሶፍትዌር የተባለ ሌላ ቡድን ወሰደና በ1994 ሄሬቲክ የተባለውን፣ በ1995 ደግሞ ሄክሰን የተባለውን ጨዋታ ሠራበት። ሥሩ አንድ፣ ጨዋታው ሌላ። ቀጥሎ ክዌክ በ1996 መጣ። የክዌክን ኢንጂን በፈቃድ የወሰደ ቫልቭ የሚባል አዲስ ኩባንያ ብዙውን ክፍል እንደገና ጽፎ በ1998 ሃፍ ላይፍን አወጣ። ከዚያ በኋላ ነገሩ ንግድ ሆነ።

ንግድ ሲሆን ደግሞ ዋጋ መጣ። የክዌክ ሦስት ኢንጂን ፈቃድ ለአንድ ጨዋታ 250 ሺህ ዶላርና ከሽያጭ ላይ 5 በመቶ ነበር። ተፎካካሪው ኤፒክ ነው፤ ቲም ስዊኒ የሚባል ሰው በ1991 ሜሪላንድ ውስጥ ከወላጆቹ ቤት የጀመረው ኩባንያ። የኤፒክ አንሪል ኢንጂን ሁለተኛው ትውልድ በ2000ዎቹ መጀመሪያ 350 ሺህ ዶላር ቅድሚያ ይጠየቅበት ነበር። የማይመለስ ገንዘብ ነው። በዚያ ላይ 3 በመቶ ሮያሊቲ አለ። ጨዋታህን ለሌላ ተጨማሪ መሣሪያ ማውጣት ከፈለግህ 50 ሺህ ትጨምራለህ። የማንንም ስግብግብነት ለማሳየት አይደለም ይህን የምናነሣው። ገዢዎቹ ኩባንያዎች ነበሩ፤ ከኢንጂኑ ጋር የባለሙያ እርዳታ ይሰጣቸዋል፣ ኢንጂኑን ራሳቸው ሊሠሩ ቢነሡ ከዚያ በላይ ያወጡ ነበር። ዋጋው ለእነሱ ልክ ነው። ሌላው ሰው ግን ገበያው ውስጥ የለም። ማታ ከሥራ መልስ ለፍቅሩ ብሎ የሚሠራው ልጅ ለሻጮቹ ደንበኛም፣ ሌባም፣ ተፎካካሪም አልነበረም። ጭራሽ አልታያቸውም።

ለዚህ ልጅ የቀረለት በር ሌላ ነበር። ካርማክ የዱምን ሶርስ ኮድ በ1997 መጨረሻ፣ የክዌክን ደግሞ በ1999 መጨረሻ በነፃ ለሕዝብ ለቀቀ። ያረጀ ልብስ ለታናሽ ወንድም እንደሚሰጠው ማለት ነው። ታናሽ ወንድም ለሆነ ሰው ግን ያረጀ ልብስ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ስንት ፕሮግራመር ፊደል የቆጠረው በዚያ ኮድ ላይ ነው። በዚሁ በ1999 ማርክ ኦቨርማርስ የሚባል የሆላንድ የዩኒቨርሲቲ መምህር ጌም ሜከር የተባለ ቀላል መሣሪያ ለቀቀ። ፕሮግራሚንግ የማይችል ሰው ነገሮችን እየጎተተ ባለ ሁለት ገጽታ ጨዋታ እንዲሠራ የሚያደርግ ነው። ያኔ የልጆች መጫወቻ ይመስል ነበር። ሆትላይን ማያሚም (2012) አንደርቴልም (2015) የተሠሩት በእሱ እንደሆነ ስንሰማ ግን አፋችንን ይዘናል።

ዋጋውን በእርግጥ የሰበረው የመጀመሪያው ሰፈር ዩጂን፣ ኦሪገን ነው። ዳይናሚክስ ከተባለ ኩባንያ የወጡ ጥቂት ሰዎች ጋራዥ ጌምስ የሚል ድርጅት በ2000 አቋቋሙና ትራይብስ ሁለት የተባለው ጨዋታ የተሠራበትን ኢንጂን ቶርክ የሚል ስም ሰጥተው ለአንድ ፕሮግራመር በ100 ዶላር መሸጥ ጀመሩ። አንድ መቶ! ሌላው በመቶ ሺዎች ሲጠራ። ዕቃው እንከን አልነበረውም ማለት አንችልም፤ መመሪያው ደካማ ነው፣ ኮዱ የተጻፈው ለአንድ ዓይነት ጨዋታ ስለሆነ ሌላ ነገር ልትሠራበት ስትሞክር ይታገልሃል። ግን ከነሶርስ ኮዱ የራስህ ነው። ጋራዥ ጌምስ በ2007 ለትልቅ ኩባንያ ተሸጠ፣ ያ ኩባንያ በ2010 ይህን ክፍል ዘጋው፣ ቶርክም በ2012 ነፃ ሆኖ ተለቀቀ። ታሪኩን አንድ ነገር ይዞልን ስለሚመጣ ነው ያነሣነው፤ ኩባንያው ሲወድቅ 100 ዶላር የከፈለ ሰው ኮዱ እጁ ላይ ቀርቷል። ይህን ነጥብ ያዙልን፤ ወደ በኋላ እንፈልገዋለን።

ከዚያ ዩኒቲ መጣ። አነሣሡ ደስ ይላል። ኒኮላስ ፍራንሲስ የሚባል የዴንማርክ ልጅ በ2002 ማክ ላይ ኢንጂን ሊሠራ ሲታገል ኢንተርኔት ላይ የእርዱኝ ጥያቄ ለጠፈ። ዮአኪም አንቴ የሚባል ጀርመናዊ መለሰለት። ዴቪድ ሄልጋሰን ሦስተኛ ሆኖ ተጨመረና በ2004 ኮፐንሃገን ላይ ኩባንያ መሠረቱ። ጉቦል የተባለ ጨዋታ ሠሩ፤ ጨዋታው በ2005 ወጥቶ ገበያ አላገኘም። ለጨዋታው ብለው የሠሩት መሣሪያ ግን ከጨዋታው ይበልጥ እንደነበር ገባቸው። (እንጀራው ሳይሸጥ ምጣዱ ተፈለገ ማለት ነው።) መሣሪያውን በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በአፕል ጉባኤ አስተዋወቁ። ሁለት ዋጋ ነበረው፤ ለትናንሾቹ 199 ዶላር፣ ለትልልቆቹ 1,499 ዶላር። አንዴ ትከፍላለህ፣ ያ ቅጂ የአንተ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የግዢ ዘመን ነው። ወደ ኪራይ የተዞረበትን ምክንያት ለማየት ከኢንጂን ወጣ ብለን ገበያውን ማየት አለብን። በሐምሌ 2008 አፕል ለአይፎን የመተግበሪያ መደብሩን ከፈተ። ከዚያ በፊት ጨዋታ ለመሸጥ ሲዲ የሚያሳትም፣ ሱቅ መደርደሪያ ላይ የሚያስቀምጥ አሳታሚ ያስፈልግ ነበር። አሁን አንድ ሰው ከመኝታ ቤቱ ሆኖ በ99 ሳንቲም ጨዋታ መሸጥ ቻለ። ስቲምም በሩን ቀስ በቀስ ለትናንሾቹ ከፈተ። ያ ማታ ማታ የሚሠራው የማይታይ ልጅ ድንገት ታየ። ብዛት አለው። አንድ በአንድ ድሃ ነው፣ ሲደመር ግን ገበያ ነው። ከእሱ 350 ሺህ መጠየቅ ዘበት ነው፤ ከመቶ ሺው ሰው ትንሽ ትንሽ መሰብሰብ ግን ይቻላል።

በ2009 መኸር ላይ ሁለቱም ተንቀሳቀሱ። ዩኒቲ በጥቅምት ባለ 199 ዶላሩን ነፃ አደረገው። በኅዳር ደግሞ ኤፒክ ዩ.ዲ.ኬ. የተባለውን የአንሪል ሦስት ቅጂ ለቀቀ፤ ለመማርና ለመሞከር ነፃ፣ ለመሸጥ ከሆነ 99 ዶላር፣ ገቢህ 5,000 ዶላር ካለፈ በኋላ ግን ከእያንዳንዱ ዶላር 25 በመቶ ለኤፒክ።

25 በመቶ! አያቶቻችን ለዚህ ቃል አላቸው፤ እርቦ ይባላል። በጢሰኛው ዘመን ከምርቱ ሩቡን ለባለ መሬቱ የሚሰጠው እርቦ አራሽ፣ ሢሶውን የሚሰጠው ሢሶ አራሽ፣ ግማሹን የሚሰጠው እኩል አራሽ ነበር። ዩ.ዲ.ኬ. እንግዲህ የእርቦ ውል ነው። ጨዋታህ 45 ሺህ ዶላር ቢያስገባ 10 ሺው የባለ መሬቱ ነው። በዚያ ላይ ጨዋታውን የምትሸጥበት መደብር 30 በመቶውን አስቀድሞ ይወስዳል። ሁለት ባለ መሬት ያለው ጢሰኛ በአያቶቻችንም ዘመን አልነበረም ብለን ነበር፤ አንዱ ጓደኛችን «ነበረ እንጂ!» ብሎ አርሞናል። በ2011 መጀመሪያ ኤፒክ ነፃውን ጣሪያ ወደ 50 ሺህ ዶላር ከፍ አደረገው። ትናንሾቹን አሳረፈ፤ ሶርስ ኮዱ ግን አሁንም አይሰጥም ነበር። መሬቱን ታርሳለህ፣ ጉድጓድ መቆፈር ግን ክልክል ነው።

በዚህ መሃል በሌላ መንደር አንድ ትልቅ ነገር ሆነ። አዶቢ በግንቦት 2013 ፎቶሾፕንና ወንድሞቹን ከዚህ በኋላ በቋሚነት አልሸጥም፣ በወር እያከራየሁ ነው አለ። ዓለም ጮኸ፤ ከዚያም ከፈለ። (አዲስ አበባ አልጮኸችም። እኛ ፎቶሾፕን የምናውቀው በ20 ብር ሲዲ ስለነበር ውሳኔው አልደረሰንም። ይህን በኩራት ሳይሆን ለመዝገብ ያህል ነው የምንጽፈው።) ዩኒቲም በዚያው ዓመት ሙሉውን ቅጂ አንዴ 1,500 መክፈል ለማይችል በወር 75 ዶላር አለ። ወሩ ዋጋ መለኪያ ሆነ።

የሚቀጥለው የታሪኩ ልብ ነው፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ቆም እንላለን።

መጋቢት 19 ቀን 2014። ሳን ፍራንሲስኮ፣ የጌም ገንቢዎች ጉባኤ። ስዊኒ ተነሥቶ አንሪል ኢንጂን አራትን ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውም ሰው በወር 19 ዶላር ያገኘዋል አለ። ከሽያጭ 5 በመቶ። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚሠሩበት ያው ኢንጂን ነው፤ የተቆራረጠ የትናንሾች ቅጂ አይደለም። ሲ ፕላስ ፕላስ ሶርስ ኮዱም አብሮ አለ፤ ከፍተህ ማንበብ፣ ማረም፣ ሰባብረህ መጠገን ትችላለህ። ከዚህም የሚገርመው የውሉ አንድ አንቀጽ ነው፤ አንድ ወር ከፍለህ ብታቋርጥ የወሰድከው ቅጂ ከአንተ ጋር ይቀራል፤ የሚቀርብህ የሚቀጥለው ማሻሻያ ብቻ ነው። ኪራይ ተብሎ የቀረበው ነገር ውስጡ ሲታይ ግማሹ ሽያጭ ነበር። ይህን አንቀጽ ያነበበው ብልጥ ሁሉ አንድ ወር ከፍሎ ቆመ። ኤፒክ ያን ሳያውቅ የጻፈው አይመስለንም። ፍላጎቱ የ19 ዶላሩ አልነበረም፤ 5 በመቶው ነበር፣ ከዚያም በላይ ደግሞ ኢንጂኑን የሚያውቅ ሰው ብዛት ነበር።

እስቲ ቁጥሩን እንጫወትበት። የቀድሞው 350 ሺህ ዶላር በ19 ሲካፈል 18,421 ወር ይሆናል። 1,535 ዓመት ማለት ነው። አንድ ሰው ያን የድሮ ዋጋ በወር በወር እየከፈለ በ2014 እንዲጨርስ ከተፈለገ መክፈል መጀመር የነበረበት ዐፄ ካሌብ አክሱም ላይ ሳይነግሡ በፊት ነው። ሒሳቡ ቀልድ ነው፤ ዕቃውም ውሉም ልዩ ልዩ ነው። ግን በአሥር ዓመት ገደማ ውስጥ የሆነውን ለውጥ ከዚህ በተሻለ የሚያሳይ አላገኘንም።

በዚያው ጉባኤ ሰሞን የፍራንክፈርቱ ክራይቴክ፣ ፋር ክራይንና ክራይሲስን የሠራው፣ ከኤፒክ አንሼ እሸጣለሁ ብሎ ተነሣ፤ በወር 9 ዶላር ከ90፣ ሮያሊቲ ምንም! ከሥዕል ጥራት አንጻር ብዙ ሰው የዓለም ቁንጮ ነው የሚለው ኢንጂን የሁለት ሰው ምሳ በማይሞላ ገንዘብ። ብዙም አልቆየ፣ በዚያው ክረምት ክራይቴክ ለሠራተኞቹ ደመወዝ መክፈል እንዳቃተው ተሰማ፤ እንግሊዝ ያለውን ቡድኑንና ሆምፍሮንትን ለሌላ ሸጠ። በ2016 «የፈለጋችሁትን ክፈሉ» አለ፤ በ2018 ደግሞ እንደ ኤፒክ ወደ 5 በመቶ ዞረ። ዋጋ መስበር ብቻውን እንጀራ አይሆንም። ኢንጂን ከባድ ነው፣ የሚያስተምር ሰነድ ይፈልጋል፣ ጥያቄ የሚመልስ ሰው ይፈልጋል፤ ክራይቴክ በሁለቱም ደካማ ነበር።

የ19 ዶላሩ ዘመንም አንድ ዓመት አልሞላውም። መጋቢት 2 ቀን 2015 ኤፒክ ወርሃዊውን አነሣው፤ 5 በመቶው ብቻ ቀረ፣ እሱም በየሩብ ዓመቱ ከመጀመሪያዎቹ 3,000 ዶላሮች በኋላ። በሩብ ዓመት 10 ሺህ ዶላር ብታስገባ 350 ዶላር ትሰጣለህ ማለት ነው። ቀድመው ከፍለው ለነበሩት ሁሉ በኤፒክ ገበያ የሚመነዘር 30 ዶላር ተሰጣቸው፤ አንድ ወር ብቻ የከፈለው ብልጥ 11 ዶላር አተረፈ። በማግስቱ ዩኒቲም አምስተኛውን ቅጂውን ሙሉ ለሙሉ ነፃ አደረገ፤ ዓመታዊ ገቢው ከ100 ሺህ ዶላር በታች ለሆነ ሁሉ።

የባንኩ መስኮት ታሪካችን እዚህ ላይ ይዘጋል። ከመጋቢት እስከ መጋቢት ስንለምነው የከረምነው 19 ዶላር በአንድ ሌሊት አያስፈልግም ተባለ። ዜናውን ያነበበው ጓደኛችን ስልክ ደውሎ «ባንኩን ይቅርታ በሉት» አለን። ቀጥሎ የመጣው ችግር ሌላ ነበር። ኢንጂኑ ጊጋባይቶች ይመዝናል፤ እኛ ያለን የኢንተርኔት ካፌ መስመር ነው። ሦስት ሌሊት፣ ሁለት የመብራት መቋረጥ፣ አንድ የተቀየመ የካፌ ባለቤት። ለማንኛውም ወረደ።

ለምን ነፃ ሆነ? ብዙዎች የኤፒክን ደግነት ያመሰግናሉ። እኛ ደግነቱን አንክድም፤ ሒሳቡ ግን ይበልጥ ያሳምነናል። 19 ዶላር ትንሽ ቢሆንም በር ነው። በር ላይ ካርድ ማውጣት አለ፣ ወላጅ ማስፈቀድ አለ፣ እንደ እኛ ዓይነቱ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ መለመን አለበት። ከመቶ ሰው ዘጠናው ጨዋታ አይጨርስም፤ ከጨረሱት ውስጥ አንዱ ብቻ ቢሳካለት ግን 5 በመቶው የዘጠና ዘጠኙን 19 ዶላር ያስረሳል። በ2017 አንድ የኮሪያ ቡድን በዚሁ ኢንጂን ፐብጂን አወጣ፤ ስንት ዓመት በወር 19 ዶላር ቢሰበሰብ ያን ያህል ይመጣል? ዘሩን በነፃ በትን፣ ካበቀለው ላይ ግብር ውሰድ። በ2017 ደግሞ የኤፒክ የራሱ ፎርትናይት ፈነዳና ኩባንያው ከትናንሾቹ የሚሰበስበው ገንዘብ ብዙም የማያሳስበው ሆነ፤ በ2020 ከአንድ ጨዋታ የመጀመሪያ 1 ሚሊዮን ዶላር ላይ ምንም አልወስድም አለ። አንድ ሰው ሌላ ቦታ ሀብት ሲያገኝ ለተከራዮቹ ቸር ይሆናል። ሀብቱ ሲጎድልስ የሚለውን ያየነው በሌላኛው ቤት ነው።

ዩኒቲ ፎርትናይት አልነበረውም። የሚኖረው ከኢንጂኑና ከማስታወቂያ ነው። በ2014 መጨረሻ የቀድሞው የኤሌክትሮኒክ አርትስ አለቃ ጆን ሪቺቲዬሎ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ገባ። በ2016 ቋሚ ሽያጭ ቀረ፤ ፕላስ በወር 35 ዶላር፣ ፕሮ በወር 125 ዶላር፣ ለትናንሾቹ አሁንም ነፃ። በ2020 ኩባንያው አክሲዮን ገበያ ወጣ። እስከዚህ ድረስ ብዙ ሰው አልተከፋም፤ በዩኒቲ ሆሎው ናይት ተሠርቷል፣ ከፕሄድ ተሠርቷል፣ አመንግ አስ ተሠርቷል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው የሚሉት ወላጆቻችን ይህን ሳያውቁ አይደለም።

መስከረም 12 ቀን 2023 ዩኒቲ አዲስ ክፍያ አሳወቀ። ከጥር 2024 ጀምሮ ጨዋታህ በአንድ ሰው መሣሪያ ላይ በተጫነ ቁጥር ትከፍላለህ አለ፤ በተሸጠ ቁጥር አይደለም፣ በተጫነ ቁጥር! የዝቅተኛው ዕቅድ ሰው በዓመት 200 ሺህ ዶላር ገቢና 200 ሺህ ጭነት ካለፈ በኋላ በዋና ዋናዎቹ ገበያዎች ለእያንዳንዱ ጭነት 20 ሳንቲም። ነፃ የሞባይል ጨዋታ ያለው ሰው እናስብ። በዓመት 210 ሺህ ዶላር ከማስታወቂያ አገኘ፤ ከወሰኑ በኋላ 2 ሚሊዮን ሰው ጫነለት። ሒሳቡ 400 ሺህ ዶላር ነው። ካገኘው ይበልጣል። ወደ ፕሮ ቢያድግ ይቀንስለት ነበር፤ ነጥቡ ግን እሱ አልነበረም። ከዓመታት በፊት በሌላ ውል የተሠራና የተሸጠ ጨዋታም ከጥር ወዲህ ለሚጫነው ሁሉ ይቆጠርበታል ተባለ። ይህ እርቦም እኩልም አይደለም። ምርት ሳይሆን ወደ እርሻው የሚገባው እግር የሚቆጠርበት ግብር ነው።

ሰው የተቆጣው በገንዘቡ ብቻ አልነበረም። በ2019 ዩኒቲ ከአንድ ሌላ ኩባንያ ጋር በውል ተጣልቶ ገንቢዎች ሲሸበሩ፣ የያዛችሁት ቅጂ በወጣበት ጊዜ በነበረው ውል መቀጠል ትችላላችሁ ብሎ ቃል ገብቶ፣ ውሎቹን ሁሉ ለሕዝብ በተከፈተ ማኅደር አኑሮ ነበር። ያ ማኅደር መነሣቱን ብዙዎች ያስተዋሉት በ2023 መስከረም ነው። የቶርክን ነገር ያዙልን ያልነው ለዚህ ነበር። 100 ዶላር ከፍሎ ኮዱን የወሰደ ሰው ኩባንያው ሲሞት እንኳ ዕቃው አልጠፋበትም። በ2014 አንድ ወር 19 ዶላር የከፈለው ሰውም ቅጂው ቀርቶለታል። ምንም ሳይከፍል ዓመታት የሠራው የዩኒቲ ሰው ግን እጁ ላይ ያለው የአከራዩ ቃል ብቻ ነበር። ቃል ደግሞ ይነሣል።

ጩኸቱ በረታ። በአሥር ቀን ውስጥ ዩኒቲ ግማሽ መንገድ ተመለሰ፤ ክፍያው ነፃውን ዕቅድ አይነካም፣ የሚመለከተውም ወደፊት የሚወጡትን ቅጂዎች ብቻ ነው፣ ከገቢም 2.5 በመቶ አያልፍም አለ። በጥቅምት ሪቺቲዬሎ ለቀቀ። ልክ በዓመቱ፣ መስከረም 12 ቀን 2024፣ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ ማት ብሮምበርግ ክፍያውን ሙሉ በሙሉ ሰረዘው። በምትኩ የፕሮ ዓመታዊ ኪራይ 8 በመቶ ጨምሮ 2,200 ዶላር ሆነ፤ የነፃው ጣሪያ ወደ 200 ሺህ ዶላር ከፍ አለ። ከስንት ንትርክ በኋላ ሰው ኪራይ ሲጨመርበት «እሰይ!» ያለበትን ሌላ ጊዜ አናውቅም።

ጎዶ ስለተባለው ኢንጂን እስካሁን ዝም ያልነው አውቀን ነው። ሁዋን ሊኒየትስኪና አሪኤል ማንሱር የሚባሉ ሁለት አርጀንቲናውያን ለዓመታት ለራሳቸው ሥራ ይጠቀሙበት የነበረውን ኢንጂን በየካቲት 2014፣ ከ19 ዶላሩ ዜና አንድ ወር ቀደም ብሎ፣ ኮዱን ሙሉ በሙሉ በነፃ ለቀቁት። ወርሃዊ የለም፣ ሮያሊቲ የለም፣ ጣሪያ የለም፤ ብትፈልግ ገልብጠህ በራስህ ስም መቀጠል ትችላለህ። መሬት ላራሹ ማለት ይህ ነው። እኛ ግን ያኔ ዞር ብለንም አላየነውም። ባንክ ተሰልፈን ዶላር ስንለምን፣ አንድ ሳንቲም የማይጠይቀው ዕቃ ከአንድ ወር በፊት ወጥቶ ተቀምጦ ነበር። ለፍትሕ ያህል፣ ጎዶ በ2014 ደካማ ነበር፤ ባለ ሦስት ገጽታ ሥራው ከአንሪል አጠገብ የሚቆም አልነበረም። ጉልበት ያገኘው ቀስ ብሎ ነው፤ በ2023ቱ መስከረም ግን ሰው ጎረፈበት። የቴራሪያ ሠሪዎች 100 ሺህ ዶላር ሰጡት፣ በየወሩም 1,000 ዶላር ቃል ገቡለት። የስሌይ ዘ ስፓየር ሠሪዎች ሁለተኛውን ጨዋታቸውን ከዩኒቲ አውጥተው ወደ እሱ ወሰዱ።

ጌም ሜከርም ሌላ ትምህርት ነው። በ2021 ባለቤቱ ተቀይሮ ወደ ወርሃዊ ኪራይ ገብቶ ነበር። በኅዳር 2023፣ የዩኒቲ እሳት ገና ሳይበርድ፣ ተመለሰ፤ ለማይሸጥ ሥራ ነፃ፣ ለሚሸጥ አንዴ 99 ዶላር ከ99፣ አለቀ። ከኪራይ ወደ ሽያጭ የተመለሰ ሶፍትዌር ብዙ አላየንም።

ከሦስታችን አንዱ ዛሬም በአንሪል ይሠራል፤ 1 ሚሊዮን ዶላር እስክትደርስ አትጨነቅ ብለነዋል፣ እሱም እንዳልተጨነቀ ከፊቱ ያስታውቃል። ሌላው ባለፈው ዓመት ጎዶን አወረደ፤ ከመቶ ሜጋባይት ብዙም አያልፍም፣ አንድ ሻይ ሳይጠጣ ጨረሰ። ሦስተኛው ጌም መሥራቱን ትቶ የባንክ ሠራተኛ ሆኗል። ባለፈው ሰሞን ሁለት ወጣቶች መስኮቱ ጋ መጥተው ለአንድ ሶፍትዌር ዓመታዊ ኪራይ ዶላር ሲጠይቁት፣ የጌም ኢንጂን እንደሆነ ሳይነግሩት ገብቶታል። ከሐምሌ 2024 ወዲህ ብሩ በገበያ ዋጋ ስለሚመነዘር ሒሳቡን ሠርቶ አሳያቸው። ልጆቹ ቁጥሩን አይተው ተያዩ። እሱም ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ስሙ፣ ጎዶ የሚባል አለ» አላቸው።